ቁም ሳጥን ያስለቀቀ ቦይለር፦ የኮምቢ ጉዞ በብሪታንያ ጠባብ ቤቶች

በለንደን፣ በበርሚንግሃም ወይም በሊድስ ባለአንድ መኝታ አፓርታማ የገባ ሰው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሳህንና ብርጭቆ መደርደሪያው ተርታ፣ አንድ ነጭ የብረት ሣጥን ማየቱ አይቀርም። ቁመቱ 70፣ ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። በብርድ ወራት ክፍሎቹን የሚያሞቀውም፣ ለሻወርና ለዕቃ ማጠቢያ ሙቅ ውሃ የሚያወጣውም ይኸው ሣጥን ነው፤ ኮምቢ ቦይለር ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ መታጠቢያ ቤት የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ውሃ አጠራቅሞ፣ አሙቆ ይጠብቃል። ኮምቢ የሚያጠራቅመው ውሃ የለውም። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሲከፈት በጋዝ ይቀጣጠላል፤ ውሃው እያለፈ ይሞቃል፤ ቧንቧው ሲዘጋ እሳቱም ይጠፋል።

ብሪታንያን ያሸነፈው ቦታ ቆጣቢነቱ ነው። ከ1960ዎቹ እስከ ዛሬ ያለውን ጉዞውን ስንቃኝ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የገዢው ጥያቄ በየዘመኑ ሲለዋወጥ እናያለን። መጀመሪያ የተጠየቀው “የት ይሰቀላል?” ነበር። ቀጥሎ “በደቂቃ ስንት ሊትር ያወጣል?” ተባለ። ከዚያ “ስንት ጋዝ ይበላል?” መጣ። አሁን ደግሞ ሻጮች ብዙም የማያነሱት አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እሳቱን እስከ ምን ድረስ ዝቅ ማድረግ ይችላል? ጠባብ ቤት ውስጥ ጥሩውን ሞዴል ከደካማው የሚለየው በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

ሦስት ዕቃ የሚፈልግ ሙቀት

ከኮምቢ በፊት የብሪታንያ ቤት ሙቅ ውሃ ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልገው ነበር። አንደኛው እሳቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳሎን ካለው ምድጃ ጀርባ የተሸሸገ፣ መጀመሪያ በከሰል ኋላም በጋዝ የሚሠራ ቦይለር። ሁለተኛው በመኝታ ክፍሎቹ አቅራቢያ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆም የመዳብ ሲሊንደር ነው፤ ከ100 ሊትር በላይ ሙቅ ውሃ ይይዛል። ሦስተኛው ከኮርኒሱ በላይ፣ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ የቀዝቃዛ ውሃ ታንከር ነው። ውሃው ከዚያ ታንከር በክብደቱ ብቻ ስለሚወርድ ሻወሩ ጉልበት አልነበረውም። የሲሊንደሩ ቁም ሳጥን ግን አንሶላና ፎጣ ማድረቂያም ስለነበር የያዘው ቦታ ባከነ ብሎ የሚያጉረመርም ብዙ ሰው አልነበረም።

ሲሊንደር ማቆሚያ የሌላቸው ቤቶች ከ1930ዎቹ ጀምሮ “አስኮት” የሚባለውን የጋዝ ማሞቂያ ያውቁ ነበር። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ተሰቅሎ ውሃውን እያለፈ ያሞቃል። የኮምቢ ግማሽ አካል ያኔ ተገኝቷል ማለት ይቻላል፤ የጎደለው ራዲያተሮችን፣ ማለትም ሙቅ ውሃ እየዞረባቸው ክፍሎችን የሚያሞቁትን የብረት ዕቃዎች፣ የሚያሞቀው ሌላው ግማሽ ነው። ራዲያተር ያለው ቤት ደግሞ ገና ብርቅ ነበር። በ1972 እንኳ ማዕከላዊ ማሞቂያ ያላቸው የብሪታንያ ቤተሰቦች 37 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት በአንድ ክፍል እሳት ዙሪያ ተሰብስበው ብርዱን ያሳልፉ ነበር።

1960ዎቹና 70ዎቹ፦ ሐሳቡ ከጀርመን፣ ጋዙ ከባሕር

ሁለቱን ሥራ በአንድ ሣጥን ያዋሐደው ሐሳብ የመጣው ከጀርመን ነው። በሬምሻይድ ከተማ በ1874 የተመሠረተው ቫይላንት በ1961 ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቤት ማሞቂያ አወጣ፤ በ1967 ደግሞ ማሞቂያንና ሙቅ ውሃን ያጣመረውን “ኮምቢ ጋይዘር” ለገበያ አቀረበ። በብሪታንያ በኩል ሴሲል ዳክዎርዝ የተባለ መሐንዲስ በ1962 ዉስተር ኢንጂነሪንግን መሠረተ፤ ኩባንያው ከአገሪቱ ቀደምት የኮምቢ አምራቾች አንዱ ሆነና ኋላ በጀርመኑ ቦሽ እጅ ገባ። ዛሬ ዉስተር ቦሽ የሚባለው እሱ ነው።

ያም ሆኖ ጋዙ ባይመጣ ሣጥኑ የትም አይደርስም ነበር። በ1967 የሰሜን ባሕር የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ብሪታንያ የባሕር ዳርቻ መድረስ ጀመረ። እስከ 1977 በዘለቀው ዘመቻ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከከሰል በሚመረት ጋዝ ይሠሩ የነበሩ 40 ሚሊዮን ገደማ ምድጃዎችንና ማሞቂያዎችን ለአዲሱ ጋዝ እንዲስማሙ ለወጡ። ርካሽ ጋዝ እስከ ጓዳው ድረስ ሲገባ ከሰል ማከማቻው ፈረሰ፤ ራዲያተርም የባለጸጋ ቤት ምልክት መሆኑ ቀረ።

የጋዙ አደጋም በዚያው ዘመን ታየ። በሜይ 16 ቀን 1968 በምሥራቅ ለንደን ሮናን ፖይንት በተባለው ባለ22 ፎቅ ሕንጻ 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈንድቶ የሕንጻው አንድ ማዕዘን ተናደ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። በ1970 የጋዝ ሠራተኞችን የሚመዘግበው ኮርጂ የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። ምዝገባው በ1991 ግዴታ ሆነ፤ በኤፕሪል 2009 ደግሞ ኮርጂ በጋዝ ሴፍ ተተካ። ዛሬ በብሪታንያ ያለጋዝ ሴፍ መታወቂያ የጋዝ ቦይለር የሚሰቅል ሰው ሕግ ተላላፊ ነው።

ቤቶቹ እየጠበቡ ሲሄዱ

በ1961 በፓርከር ሞሪስ የተመራ ኮሚቴ ቤት ምን ያህል ስፋትና ሙቀት ሊኖረው እንደሚገባ የሚዘረዝር ሪፖርት አወጣ። ውጭው አንድ ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን ሳሎኑ 18፣ ወጥ ቤቱና መተላለፊያው 13 ዲግሪ ይሙቅ አለ። ለዕቃ ማስቀመጫም ቦታ መደበ። መለኪያው ከ1969 ጀምሮ በሚሠሩ የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ቤቶች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ። በ1980 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ግዴታውን ሻረው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አፓርታማ የሚለካው በገንቢው ትርፍ ሆነ፤ በመጀመሪያ ከሚቀነሱት ነገሮች አንዱም ዕቃ ማስቀመጫው ነበር። እንግሊዝ አገራዊ የስፋት መለኪያ እንደገና ያወጣችው በ2015 ነው፤ እሱም አካባቢው ካልተቀበለው አያስገድድም። በዚህ መለኪያ ለአንድ ሰው የሚሠራ ቤት ሻወር ብቻ ካለው 37 ካሬ ሜትር ይበቃዋል።

ኮምቢ በስፋት የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ትልልቅ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች በየፎቁ እየተከፈሉ አፓርታማ ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ክፋይ ሲሊንደርና ታንከር ማስገባት አይቻልም ነበር። ጣሪያ ሥር መኝታ ቤት ለመጨመር ያሰበ ሰውም መጀመሪያ ታንከሩን ማስወገድ ነበረበት። ኮምቢ ሁለቱንም ገላገለ፤ ውሃውን በቀጥታ ከመንገዱ ዋና መስመር ስለሚቀበል ሻወሩም ጉልበት አገኘ። ሲሊንደሩ የወጣበት ቁም ሳጥን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስቀመጫ ወይም ጠባብ መጸዳጃ ሆነ።

የዚያ ዘመን ኮምቢ ስሙ ጥሩ አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት ውስጡን ማየት ይበጃል። እሳቱ የሚያሞቀው በራዲያተሮቹ ውስጥ የሚዞረውን ውሃ ነው። የሻወሩ ቧንቧ ሲከፈት የውሃውን መፍሰስ የሚያውቅ መሣሪያ ምልክት ይሰጥና አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭ ሙቀቱን ከራዲያተሮቹ አዙሮ ስስ የብረት ሳህኖች ወደተደራረቡበት ማሞቂያ ይልከዋል፤ የመታጠቢያው ውሃ በእነዚያ ሳህኖች መካከል ሲያልፍ ይሞቃል። ቀድሞ በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ የነበረ ሥራ በአንድ ሣጥን ሲታጨቅ የሚበላሹት ክፍሎችም እዚያው ተከማቹ። ቫልቩ ይጣበቃል፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ይቃጠላል፣ የለንደን ኖራማ ውሃ ሳህኖቹን ይደፍናቸዋል። አንዱ ሻወር እየወሰደ ሌላው ወጥ ቤት ቧንቧ ከከፈተ ደግሞ ጭቅጭቅ ነው።

ይህ ጭቅጭቅ ፊዚክስ ያመጣው ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር ውሃን በ35 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ 24 ኪሎ ዋት ያለው ኮምቢ በደቂቃ 10 ሊትር፣ 30 ያለው 12፣ 35 ያለው 14 ሊትር ገደማ ያወጣል። ከመሬት የሚመጣው ውሃ በጃንዋሪ 5 ዲግሪ ቢሆን 35 ተጨምሮበት 40 ይሆናል፤ ለሻወር ልክ ነው። አንድ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ይወስዳል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ልታጠብ ካለ ሂሳቡ አይሞላም። አምራቾች ይህን በትልቅ ቁጥር ለማሸነፍ ሞከሩ፤ ገዢውም “ትልቁ ይሻላል” የሚለውን ልማድ ከዚያ ጊዜ ይዞ መጣ።

2005፦ ጭሱን መጭመቅ

ቀጣዩን ለውጥ ያመጣው መንግሥት ነው። ጋዝ ሲቃጠል ከሚወጣው ጭስ ጋር እንፋሎት አለ። አሮጌው ቦይለር ያንን እንፋሎት ከነሙቀቱ ወደ ውጭ ይለቀው ነበር። ኮንደንሲንግ የሚባለው ዓይነት ጭሱን አቀዝቅዞ እንፋሎቱን ወደ ውሃነት ይመልሰዋል፤ ሲመለስ የሚለቀውን ሙቀት ለቤቱ ያውላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኔፊት የተባለው ኩባንያ ይህን ዓይነት ቦይለር በ1981 ለገበያ አቅርቦ ነበር። ብሪታንያ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ተጠራጠረች፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ይበላሻል ተባለ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2005 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ የሚሰቀል የጋዝ ቦይለር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ኮንደንሲንግ እንዲሆን ሕግ አስገደደ። በጃንዋሪ 2010 ደግሞ መንግሥት አሮጌ ቦይለራቸውን ለሚቀይሩ እስከ 125,000 የእንግሊዝ ቤተሰቦች 400 ፓውንድ የሚሰጥ መርሐ ግብር ከፈተ።

ሕጉ ጠባብ ቤቶች ላይ አዲስ ጣጣ አመጣ። ጠብታው ውሃ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ እስከ ፍሳሽ መስመር መድረስ አለበት፤ የጭስ ማውጫውም ነጭ እንፋሎት ስለሚተፋ ከጎረቤት መስኮት መራቅ አለበት። በዲሴምበር 2010 በወረደው ከባድ ውርጭ በውጭ ግድግዳ የተዘረጉት ቀጫጭን ቱቦዎች ስለበረዱ በመላ አገሪቱ ብዙ ቦይለሮች በአንድ ሰሞን ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ባለሙያ ቱቦውን በተቻለ መጠን በቤት ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ውጭ መውጣት ካለበት ወፈር ያለ መርጦ ይሸፍነዋል።

በአፓርታማዎች ሌላ ችግርም ተገኘ። አንዳንድ ገንቢዎች የጭስ ቱቦውን በኮርኒስ ውስጥ ደብቀው ስላለፉ ቱቦው ቢለያይ የሚያየው ሰው አልነበረም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋ ነው። የመመልከቻ መክፈቻ እንዲሠራላቸው የተሰጠው ጊዜ በ2012 መጨረሻ አለቀ። ዛሬም አፓርታማ የሚገዛ ሰው ኮርኒሱ ላይ ያንን ትንሽ በር ቢፈልግ አይጸጸትም። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮም በእንግሊዝ አዲስ ቦይለር ሲሰቀል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አብሮ መግባት አለበት።

ከ2018 በኋላ፦ ዝቅ ማለት ዋጋ ሲያገኝ

የ2005ቱ ሕግ ያልነካው አንድ ነገር ነበር። ኮንደንሲንግ ቦይለር ስሙ የሚገባው ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ብዙዎቹ ግን ወደ ራዲያተሮቹ 80 ዲግሪ ውሃ እንዲልኩ ተስተካክለው ይተዉ ነበር። የሚመለሰው ውሃ ከ60 ሲበልጥ እንፋሎቱ አይጨመቅም፤ ባለቤቱ የኮንደንሲንግ ዋጋ ከፍሎ በድሮው ስልት ይሞቃል።

በኤፕሪል 2018 በእንግሊዝ የወጣው “ቦይለር ፕላስ” የተባለው ደንብ ወደዚህ ነጥብ ተጠጋ። ቦይለሩ 92 በመቶ ቅልጥፍና እንዲኖረው፣ የሰዓትና የሙቀት መቆጣጠሪያም እንዲገጠምለት አዘዘ። ለኮምቢ ደግሞ ተጨማሪ ነገር ጠየቀ፤ የውጭውን አየር ወይም የቤቱን ሙቀት እያየ የሚልከውን ውሃ የሚያቀዘቅዝ መቆጣጠሪያ፣ ከጭሱ ሙቀት የሚመልስ መሣሪያ፣ ወይም ራሱን የሚያስተካክል ስማርት ቴርሞስታት፣ ከእነዚህ አንዱ።

ሰፊው ሕዝብ ጉዳዩን የሰማው ግን በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲተኮስ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ መንግሥት የአማካይ ቤተሰብን የዓመት ሂሳብ 2,500 ፓውንድ ላይ ለመያዝ ገባ። በዚያው ሰሞን ኔስታ የተባለው ተቋም ኮምቢ ያላቸው ሰዎች ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ ሙቀት ዝቅ እንዲያደርጉ ዘመቻ ጀመረ፤ በዲሴምበርም መንግሥት በራሱ ማስታወቂያ 60 ዲግሪን መከረ። ይህ ምክር ከሁሉ የሚመቸው ለኮምቢ ነው። ሲሊንደር ያለው ቤት በቆመ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ እንዳይራባ 60 ዲግሪ ማድረስ አለበት፤ ኮምቢ የቆመ ውሃ ስለሌለው የራዲያተሩን ሙቀት ሻወሩ ሳይነካ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አብዛኞቹ ሞዴሎች ፊት ላይ ያሉት ሁለት መቆጣጠሪያዎች፣ የራዲያተሩ ምልክትና የቧንቧው ምልክት፣ ለዚሁ የተለያዩ ናቸው።

ዛሬ ከመደርደሪያው ሲመረጥ

እንግዲህ አንድ ወይም ሁለት መኝታ ላለው ቤት የትኛው ይሻላል? አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ ልኬት ከስም ይቀድማል።

መጀመሪያ የሚለካው ቦይለሩ ሳይሆን የመንገዱ ውሃ ነው። ወጥ ቤት ያለውን የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍቶ አንድ ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ማየት ይበቃል። በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ የሚደርሰው ቤት 35 ኪሎ ዋት ኮምቢ ቢሰቅል 14 ሊትር አያገኝም፤ ኮምቢ ውሃ ያሞቃል እንጂ ውሃ አይፈጥርም። በከፍተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን ሳይለካ ዋጋ መጠየቅ የለበትም። አንድ ሻወር ላለው ቤት ከ24 እስከ 28 ኪሎ ዋት ይበቃል። ገንዳ ቶሎ መሙላት የሚፈልግና በቂ ውሃ ያለው 30 እና ከዚያ በላይ ቢያስብ ያስኬዳል።

ቀጥሎ መግቢያው ላይ ያነሣነው አራተኛው ጥያቄ፣ እሳቱን እስከ ምን ድረስ ዝቅ ማድረግ ይችላል የሚለው፣ ይመጣል። በቅጡ የተሸፈነ ባለአንድ መኝታ አፓርታማ፣ ጎረቤት ከላይም ከታችም ያለው፣ ብርድ በሌለው የኖቬምበር ቀን 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ሙቀት ይበቃዋል። ለሻወሩ 24 ኪሎ ዋት ያስፈለገው ያው ቤት ነው። ቦይለሩ እሳቱን ከ7 ኪሎ ዋት በታች ማውረድ የማይችል ከሆነ ደቂቃ ነድዶ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነድዳል፤ ቀኑን ሙሉ እየበራና እየጠፋ ይውላል። ጋዝ ያባክናል፣ ዕቃውም ቶሎ ያረጃል። በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ይህ ነገር ከፍተኛውን ኃይል ለዝቅተኛው በማካፈል ይጻፋል። 10 ለ 1 ያለው 30 ኪሎ ዋት ኮምቢ እስከ 3 ይወርዳል፤ 4 ለ 1 ብቻ ያለው 7.5 ላይ ይቆማል። ሁለቱ ሣጥኖች በውጭ መልካቸው አንድ ናቸው። ሰቃዩም ለራዲያተሮቹ የሚሄደውን ከፍተኛ ኃይል በቤቱ ልክ መገደብ ይችላል፤ ይህን ያደርግ እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ የሚለካው የሣጥኑ መጠን ነው። የብሪታንያ የወጥ ቤት የግድግዳ ቁም ሳጥን ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሃል ከተማ የሚሠራው አይዲያል ሎጂክ ጥልቀቱ 27.8 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ይሰወራል። ለዓመታት በብዛት የተሸጠው የቫይላንት ኤኮቴክ ፕላስ ደግሞ 33.8 ሴንቲሜትር ስለነበረ ከተራው ቁም ሳጥን አልፎ ይወጣል። ስድስት ሴንቲሜትር ትንሽ ቢመስልም በር የሚዘጋና የማይዘጋ ወጥ ቤት ልዩነት ነው። ሌላው የሚዘነጋው ከፊት ለፊት ያለው ቦታ ነው። በየዓመቱ የሚመጣው ሠራተኛ ክዳኑን አንሥቶ መሥራት አለበት፤ ፍሪጅ ተጠግቶ የተቀመጠበት ኮምቢ በየጊዜው የፍሪጅ ማውጫ ሂሳብ ያስከፍላል።

ከተለመደው አሠራር የወጡ ሁለት ዓይነቶችም አሉ። የኔዘርላንድሱ ኢንተርጋስ ለራዲያተሩና ለቧንቧው አንድ የጋራ ማሞቂያ ስለሚጠቀም አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭም ሆነ የሳህኖች ማሞቂያ የለውም፤ የ90ዎቹን ሁለት ትልልቅ ብልሽቶች ከሥር ቆርጧል ማለት ነው። የጀርመኑ ፊስማን ቪቶደንስ 111 ዳብልዩ ደግሞ 46 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ በርሜል በሆዱ ይዞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ለሚከፍት ቤት ይጠቅማል፤ ወርዱ ግን 60 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ቁም ሳጥን ይወስዳል።

ጭስ ማውጫው ብዙ ጊዜ ምርጫውን በራሱ ይቆርጠዋል። በማራገቢያ የሚተፋ ጭስ ማውጫ ከሚከፈት መስኮት 30 ሴንቲሜትር መራቅ ስላለበት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ቦይለር የሚሰቀልበት ግድግዳ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው የሕንጻው ባለቤት ንብረት ከሆነ የእሱ ፈቃድም መምጣት አለበት። በአሮጌ ቤት ደግሞ የጋዙ ቧንቧ ቀጭን ከሆነ ለትልቅ ኮምቢ አይበቃም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ ቧንቧ መዘርጋት ከቦይለሩ ዋጋ ላይ የማይናቅ ወጪ ይጨምራል። ትንሹን ኮምቢ ለመምረጥ ይህም አንድ ምክንያት ነው። ለንደን ውስጥ ኖራ መቀነሻ መሣሪያ፣ የትም ቢሆን ደግሞ ከራዲያተሩ የሚመጣውን ዝገት የሚይዝ ማግኔት ያለው ማጣሪያ አብሮ ማስገጠም የተለመደ ነው። አምራቾች የሚሰጡት እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚደርስ ዋስትና የሚጸናው ቦይለሩ በየዓመቱ በተመዘገበ ሠራተኛ ከታየ ብቻ ነው።

በካውንስል ወይም በኪራይ አፓርታማ ለሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ሞዴሉን መምረጥ የእነሱ ፋንታ አይደለም። በእንግሊዝ በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ማሞቂያውንና ሙቅ ውሃውን ጠግኖ የማቆየቱን ግዴታ አከራዩ ላይ ጥሏል፤ የጋዝ ደኅንነት ፍተሻም በየዓመቱ ማድረግ ያለበት እሱ ነው። ተከራዩ የፍተሻውን ወረቀት የመቀበል መብት አለው። በእጁ የቀረው ነገር የራዲያተሩን ሙቀት ማስተካከል ሲሆን፣ ከሂሳቡ ላይ የሚቀንሰው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቁም ሳጥኑን የሚጠይቀው ተተኪ

ጉዞው የሚያመራው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። በኖቬምበር 2020 መንግሥት እስከ 2028 በዓመት 600,000 የሙቀት ፓምፕ (ከአየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ) ይገጠም የሚል ግብ አስቀመጠ። በሜይ 2022 የጋዝ ቦይለርን በሙቀት ፓምፕ ለሚለውጡ በእንግሊዝና በዌልስ ድጎማ ተጀመረ፤ በኦክቶበር 2023 ወደ 7,500 ፓውንድ ከፍ አለ። ከ2035 በኋላ አዲስ የጋዝ ቦይለር እንዳይሸጥ የተያዘው ሐሳብ ግን በሴፕቴምበር 2023 ላላ። ለአንድ ሰሞን “ለሃይድሮጂን ዝግጁ” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ኮምቢዎች እንደ ነገው መፍትሔ ይቀርቡ ነበር። በኤልስሚር ፖርት አካባቢ ባለችው ዊትቢ ታቅዶ የነበረው የሃይድሮጂን ሙከራ በጁላይ 2023፣ በሬድካር የታቀደው በዲሴምበር ሲሰረዙ ያ ጽሑፍ ገዢ የሚያማልልበት ምክንያት አጣ።

የሙቀት ፓምፕ ለጠባብ ቤት የሚከብደው ኮምቢ ያስቀረውን ነገር መልሶ ስለሚጠይቅ ነው። ውሃን ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ ብዙ ጊዜ 150 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ ሲሊንደር ይፈልጋል። ኮምቢ ያስለቀቀው ቁም ሳጥን ዛሬ መጸዳጃ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቦታ ሆኗል። ለዚህ መልስ የሚፈልጉ ሥራዎች ተጀምረዋል። ስኮትላንድ ውስጥ ሳናምፕ የሚባለው ኩባንያ ሙቀትን በጨው ውስጥ የሚያከማች፣ ከሲሊንደር ያነሰ ሣጥን ይሠራል። በኤሴክስ የሚገኘው የተሮክ ካውንስል በሦስት ረጃጅም ሕንጻዎች ያሉ 273 አፓርታማዎችን ከመሬት ውስጥ ሙቀት ከሚስብ የጋራ መስመር ጋር አገናኝቶ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ትንሽ ፓምፕ ሰጥቷል።

ሦስተኛው መንገድ ከኮምቢ ይቀድማል። በለንደን ፒምሊኮ ከ1950 ጀምሮ በባተርሲ ኃይል ማመንጫ ሊባክን የነበረ ሙቀት በቴምዝ ወንዝ ሥር ተሻግሮ ቤቶችን ያሞቅ ነበር። ዛሬ በለንደን በሚሠሩ ብዙ አዳዲስ ሕንጻዎች ሙቀቱ ከአንድ ማዕከል ይመጣል፤ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የኮምቢ ያህል ሣጥን ይሰቀላል፣ ውስጡ ግን እሳት የለም። ጭስ ማውጫም ሲሊንደርም አያስፈልገውም። ጉድለቱ ነዋሪው አቅራቢውን መቀየር አለመቻሉ ነው፤ በ2023 የወጣው የኢነርጂ ሕግ የጋዝና የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪውን ኦፍጌምን የዚህም ዘርፍ ተቆጣጣሪ አድርጎ የሰየመው ለዚህ ነው።

ዛሬ የሚሰቀል ኮምቢ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ ሲወርድ በቦታው ሌላ ኮምቢ እንደሚሰቀል ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም። ስለዚህ ለጠባብ ቤት የሚመረጠው ሞዴል ሻወሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ኃይል ያለው፣ እሳቱን እስከ 3 ኪሎ ዋት ወይም ከዚያ በታች የሚያወርድ፣ ወደ ራዲያተር የሚልከውን ውሃ በራሱ የሚያቀዘቅዝ መቆጣጠሪያ ያለው ነው። ቤቱ በ55 ዲግሪ ውሃ በደንብ ከሞቀ ራዲያተሮቹ ለሙቀት ፓምፕም እንደሚበቁ ባለቤቱ ያለ ተጨማሪ ወጪ ያውቃል። አሮጌ ሲሊንደሩን አሁን የሚያስወጣ ሰው ደግሞ ቁም ሳጥኑን አፍርሶ ክፍል ከማስፋቱ በፊት ወለሉ ላይ 60 በ60 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታና የውሃ መስመሩን ቢያስቀር ይሻለዋል።